የእህቴ ኢሚዩኒቲ አልደከመም፣ እንደውም በዝቶባታል

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሰው መታመሙ ከተሰማ ብሎኩ በሙሉ ሀኪም ነው። እህቴ ጠዋት ጠዋት አይኗ እያበጠ ሽንቷም እንደ ኦሞ አረፋ እየደፈቀ ቆይቶ በመጨረሻ "ሉፐስ ነው፣ ኩላሊቷን ነክቶታል" ስንባል (ኢሚዩኒቲ የራስን አካል የሚያጠቃበት በሽታ ነው)፣ ምድር ቤት ያሉት እትዬ ነጭ ሽንኩርት በማር ዘፍዝፈው ይዘው መጡ፣ "ኢሚዩኒቲሽን ከፍ ያደርገዋል" ብለው። እሷ ጃሩን አቅፋ ታየኛለች እኔ ሳቄን እታገላለሁ፣ ምክንያቱም ዶክተሩ በዛው ሳምንት ፕሬድኒሶሎን የጀመረላት ኢሚዩኒቲዋን ዝቅ ለማድረግ ነው።

ከኮሮና ወዲህ ኢሚዩኒቲ ሲባል ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚታየን። ሰውነት ግን የራሱን መተውም ማወቅ አለበት፣ ቶለራንስ የሚሉት እሱን ነው።

እኛ በር ላይ አዲስ ጥበቃ የገባ ሰሞን ሁሉንም ያስቆም ነበር፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን እማማ ሳይቀር ዘንቢላቸውን ፈትሿል። የድሮው ጥበቃ ነው አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ተዋቸው፣ የቤት ሰው ናቸው" እያለ ያስለመደው። ሰውነትም እንደዛ ነው፣ ቲ ሴሎች የሚባሉት የኢሚዩኒቲ ጥበቃዎች ታይመስ በምትባል ከደረት አጥንት ኋላ ባለች እጢ ይፈተኑና የራስን አካል አጥብቀው የሚይዙት አብዛኞቹ እዛው ይወገዳሉ፣ ያመለጡትን ደሞ ሬጉላቶሪ ቲ ሴሎች ተው ይሏቸዋል። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እነዚህን በ1995 ሲያሳይ (በፈረንጆቹ ነው) ብዙው ተመራማሪ ሀሳቡን አልተቀበለውም ነበር፣ በ2025 ከሜሪ ብራንኮው እና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር ኖቤል ወሰደበት።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ጉድፓስቸር የሚባል ሌላ በሽታ ነው፣ የእህቴ አይደለም። እዛ ኢሚዩኒቲው የሚነሳው የኩላሊት ማጣሪያ ላይ ባለ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሳንባም አይተርፍም። ዲአር15 የሚባል ጂን ያለው ሰው ይበልጥ ይጋለጣል፣ ዲአር1 አብሮ ካለው ግን ይጠበቃል! በ2017 የወጣ ጥናት ምክንያቱን አገኘው፣ ሁለቱም ያችኑ የኮላጅን ቁራጭ ለቲ ሴል ያሳያሉ ግን አያያዛቸው ይለያል፣ ዲአር15 ሲያሳያት አጥቂው ይነሳል፣ ዲአር1 ሲያሳያት ተው ባዩ ይበዛል። ሁለቱም ጂን ያላቸው አይጦች ላይ ተው ባዮቹን ሲያጠፉባቸው በሽታው መጣ።

ይሄን ሁሉ ለእትዬ በጥበቃው አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰምተው "ታዲያ የድሮው ጥበቃ የት ሄዶ ነው?" አሉኝ። በናታችሁ! ተመራማሪዎቹም የሚሮጡት እሱን ለመመለስ ነው፣ ተው ባዩን ብቻ የሚያበዛ ህክምና እየተሞከረ ነው። እህቴ የምትውጠው ግን ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ላይ የሚያስተኛ ስለሆነ ጉንፋን የያዘው ሰው ቤታችን አይገባም፣ እትዬም ካስነጠሳቸው በር ላይ ቆመው ነው የሚያወሩን።

ጃሩ ፍሪጅ ላይ አለ፣ ማሩን እየላስኩ የምጨርሰው እኔ ነኝ።