ዝርዝሩ ጽሑፉን ሲበላው

የሎርድ ሬድስዴል የመጀመሪያ ልጅ ናንሲ ሚትፎርድ በልብ ወለዶቿ የምትሳለቀው ባደገችበት በእንግሊዝ የባላባት ቤት ነው። አንድ ሥራዋ ግን ከእጇ አምልጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 «ኤንካውንተር» መጽሔት ላይ ያወጣችው ጽሑፍ።

ነገሩ የሚነሳው ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ሊቅ ከአለን ሮስ ነው። ሮስ በ1954 ሄልሲንኪ በሚታተም የጥናት መጽሔት ላይ፣ ባላባቱ ከሌላው ሰው ይበልጥ የተማረ፣ የጸዳ ወይም ሀብታም መሆኑ ቀርቶ የሚለየው በአነጋገሩ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። የባላባቱን ቃል «ዩ» (ከእንግሊዝኛው «አፐር ክላስ»፣ የላይኛው መደብ)፣ የሌላውን «ነን ዩ» (ዩ ያልሆነ) አለው። ባላባቱ «ሉኪንግ ግላስ» የሚለውን ሌላው «ሚረር» ይለዋል። በአማርኛ ሁለቱም ያው መስታወት ናቸው፤ እዚያ ግን አንዷ ቃል ብቻ የሰውን አስተዳደግ ታጋልጥ ነበር። ከሮስ ማስረጃዎች አንዱ ደግሞ የራሷ የናንሲ የ1945 ልብ ወለድ ነው።

ናንሲ የሮስን የቃላት ዝርዝር ወስዳ ጽሑፏ ውስጥ አስገባችው። የቀረው ክፍል ባላባቱ ጥረትንና ገንዘብን ለምን እንደማያገናኝ ያሳያል፤ ብርቱ ስላቅ ያለውም እዚያ ነው። አንባቢው ግን የያዘው ዝርዝሩን ነው። በባላባቱ መሳቅ ቀርቶ ሁሉም የገዛ አፉን መመርመር ጀመረ።

እነዚህ ቃላት በልብ ወለዱ ውስጥ እንዲህ አላደረጉም። እዚያ የሚናገራቸው አጎት ማቲው ነው። በዕድሜው አንድ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ፣ ሴት ልጆቹን ትምህርት ቤት የማይልክ ሎርድ፣ የሚስቱ እህት ልጅ ፋኒ ትምህርት ቤት ገብታ «ሚረር» ማለት ተማረች ብሎ ይቆጣል። አንባቢው ቃሉን ከማጥናቱ በፊት ተቆጪውን ያያል።

ስለዚህ በቃላት ባላባትን የሚሳለቅ ጸሐፊ መጀመሪያ ተናጋሪውን ያቁም፤ ከዚያ የሚያስቆጣውን ነገር ያምጣ፤ ጉድለቱንም ከቁጣው አጠገብ ያሳይ። ተናጋሪ የሌለው ዝርዝር የጨዋ አነጋገር መማሪያ ይሆናል። የናንሲ ጽሑፍ በ1956 የሮስ ጥናትና የሌሎች ጸሐፊዎች ምላሽ ተጨምሮበት መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣም የተነጋገሩት ስለ ቃላቱ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ናንሲ ፎርቲንብራስ የሚባል የከሰረ ሎርድ ፈጥራለች። ዝርዝሩን ግን በእሱ አፍ አላስነገረችውም።