«አልተገኘም»

ከላብራቶሪው የማታ ተራ ከተመለስኩ ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ይላል። እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ሊነጋጋ ሲል አንዲት እናት ልጃቸው ዕፅ ወስዶ እንደሆነ የታየበትን የሽንት ምርመራ ውጤት ሊወስዱ መጡ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ኔጌቲቭ ነው አይደል ልጄ? ተመስገን፣ አልወሰደማ!» አሉኝ። ማስረዳት የሐኪሙ ድርሻ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ወረቀቱ ያለው «አልተገኘም» ነው። እሳቸው የሰሙት «አልወሰደም»ን ነው።

የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ጥቂት ዕፆችን ብቻ ነው፦ ካናቢስ፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን የመሳሰሉትን። ኤልኤስዲ የሚባለው ቅዠት አምጪ ዕፅ እዚያ ውስጥ የለም። ቅዠት የሚያመጣው እንጉዳይም የለም። ያልተጠየቀ መሣሪያ ምን ብሎ ይመልሳል?

ቢጠየቅም ቀላል አይደለም። ለአንድ ሰው 100 ማይክሮግራም ኤልኤስዲ ይበቃዋል። አንድ ግራም ለ10,000 ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ያችኑ ኢምንት ደግሞ ጉበት ይለውጣታል። ስለዚህ ሽንት ውስጥ የሚሻለው ራሱን ሳይሆን የተለወጠውን መፈለግ ነው፤ እሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ናሙናው ብርሃንና ሙቀት ካገኘው ይበላሻል። የእንጉዳዩ ምልክት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ከሽንት ይጠፋል። ዘመድ ተማክሮ፣ ታክሲ ተፈልጎ፣ ወረፋ ተጠብቆ ሐኪም ቤት እስኪደረስ ሄዷል።

ሆፍማን ትዝ አለኝ፣ ኤልኤስዲን የሠራው ኬሚስት። እ.ኤ.አ. በ1943 ራሱ ላይ 250 ማይክሮግራም ሞከረ። ወተት ያመጣችለት ጎረቤቱ ጠንቋይ መስላ ታየችው። እሞታለሁ ብሎ ሐኪም አስጠራ። ሐኪሙ ቢመረምረው የልብ ምቱም፣ የደም ግፊቱም፣ አተነፋፈሱም ደህና ነው። ከዓይኑ ብሌን መስፋት በቀር ምንም አላገኘም። ያን ቀንም «አልተገኘም» ነበር።

ብሌን መስፋት ብቻውን ግን አያስተማምንም። አስተናግር የሚባለውን መርዛማ ተክል የበላ ሰውም ብሌኑ ይሰፋል። የሱ ቆዳ ግን ደርቆ ይግላል፤ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ የሌለ መሆኑን አያውቅም። ኤልኤስዲ የወሰደ ብዙ ጊዜ ያልበዋል፤ የሚያየው ከዕፁ እንደመጣም አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። ይህን የሚለየው አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ነው። ኤልኤስዲ ነው ተብሎ የሚሸጥ ወረቀት ውስጥ ኤንቦም የሚባል ሌላ ነገር ይገኛል፤ ሰው ገድሏል። አስከሬን መርማሪው ኤልኤስዲን ብቻ ፈልጎ ቢያጣ ገዳዩን ያልፈዋል።

ለእኛ የሚደርሰን ቅጽ ስም፣ ዕድሜና ሰዓት አለው። ቆዳው ደርቆ ነበር ወይስ አልቦት? ብሌኑስ? ይህን የሚጠይቅ መስመር የለውም። ልጁ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ የጠየቀው ሰው ይኖር ይሆን?