በኮንጎ ጫማ የመጣችው ተማሪ

በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ ባሕር ዳር ውስጥ በረዳት ምሩቅነት፣ ማለትም በጀማሪ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ ስቀጠር፣ ደብዳቤውም የክፍለ ጊዜ ድልድሉም በአንድ ሳምንት አለቀ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የአካል ብቃት ኮርስ እንድሰጥ የኮርሱ ዝርዝርና አንድ ፊሽካ ተሰጠኝ፤ እንዴት እንደሚያስተምሩ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህሬን ከነቁጣው ተውሼ ሜዳ ገባሁ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት፣ የ12 ደቂቃ ሩጫ አዘዝሁ። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር ይህን የአካል ብቃት መለኪያ ፈተና ያዘጋጀው ለአሜሪካ አየር ኃይል መሆኑን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ትናንት ከቆላ ተነሥቶ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚሮጥ ልጅ እንዴት እንደሚተነፍስ ግን አላሰብሁም።

ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ተማሪ በኮንጎ ጫማ ቆማለች። መመሪያው ትጥቅ ያላሟላ ተማሪ ወጥቶ ቀሪ እንዲባል ስለሚያዝ አስወጣኋት። ዋርካው ሥር ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ከኋላዋ ደብቃ፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ስታየን ቆየች። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት አልመጣችም፤ እኔም በስሟ ትይዩ «ቀ» እያልሁ ጻፍሁ። በአራተኛው ሳምንት ጓደኛዋ ቀረብ ብላ፣ «መምህር፣ ሌላ ጫማ እኮ የላትም» አለችኝ። ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮ ብሄድ ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «መመሪያውን አንብብ» አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ይሁንና ልጅቱን ያስወጣት እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ።

ፈቃዱን ሳልጠብቅ አስጠራኋት። ሣሩ ላይ የወዳደቀውን እሾህና ጠርሙስ ከተማሪዎቹ ጋር ለቅመን ሁሉም፣ እኔም ጭምር፣ በባዶ እግር እንድንሠራ አደረግሁ። የስፖርት ትምህርት ምሁሩ ሙስካ ሞስተን በ1966 እ.ኤ.አ. ከዘረዘራቸው የማስተማር ስልቶች ውስጥም ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው መስፈርት የተጻፈበት ካርድ ይዞ የሚያርምበትን መረጥሁ። በኮሌጅ ሳለሁ ይህ ስልት የሰነፍ መምህር ዘዴ ይመስለኝ ነበር፤ ስልሳ ተማሪ በሁለት ዓይን እንደማይታይ የገባኝ ግን ሜዳው ላይ ነው።

ለአዲስ ረዳት ምሩቅ የምለው ከኮርሱ ዝርዝር ጋር ይጋጫል። በመጀመሪያው ሳምንት ፈተና አትስጥ፤ ወር ሙሉ አጫውታቸውና ከዚያ ለካ። «መጀመሪያ ክፍሉን ተቆጣጠር» የሚሉህንም ነባር መምህራን አትስማ፤ እኔ የሰማሁ ዕለት የተቆጣጠርሁት የሚፈሩኝን ብቻ ነበር።

ያቺ ልጅ በተመለሰች ቀን ፑሽ አፕ እያሠራን ነበር። ካርዱን ይዛ ከጓደኛዋ ጎን በርከክ አለችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወገብሽ ወረደ፤ ከፍ አድርጊው» ስትል ሰማኋት። ፊሽካዬን ኪሴ ከተትሁ።