ያልነበረ ክሎሮፕላስት ስዬ ሙሉ ማርክ ያገኘሁበት ላብራቶሪ

የእጽዋትና የእንስሳት ሴልን ልዩነት በሰንጠረዥ ሸምድጄ ነው ላብራቶሪ የገባሁት። ጉድ የሠራኝም እሱ ሽምደዳ ነው።

የሽንኩርት ስላይድ ማዘጋጀት ቀላል ነው። ከውስጠኛው ልጣጭ ስሱን ሽፋን ላጡ፣ ውሃ ጠብታ ላይ ዘርጉት፣ አዮዲን ጨምሩ፣ መክደኛውን መስታወት አጋድማችሁ ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ። ካልሆነ አየር ይገባል። ዙሪያው ጥቁር ክብ ነገር ካያችሁ የአየር አረፋ ነው። (እኔ አንዱን አረፋ ኒውክለስ ነው ብዬ ሩብ ሰዓት አፍጥጬበታለሁ።)

ከዚያ ሴሎቹ መጡ። እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ግድግዳቸው ጥርት ብሏል፣ ኒውክለሳቸው ወደ ዳር ተገፍቷል። ክሎሮፕላስት፣ ማለትም በብርሃን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ የሴል ክፍል፣ ግን የለም። መመሪያ ወረቀቱ ደግሞ ሰይሙ ካላቸው ክፍሎች መሃል ክሎሮፕላስትን ጽፎታል። አጉልቼ አየሁ፣ የለም። ስላይድ ቀየርኩ፣ የለም። አዮዲኑ ሸፍኖት ይሆናል ብዬ ያለ አዮዲን ሞከርኩ። ምንም! የላብ ኃላፊውን ብጠይቀው «በደንብ ፈልግ» ብሎኝ አለፈ። ሰዓቱ ሲያልቅ አረንጓዴ እርሳስ አነሳሁና ስድስት ሞላላ ነገሮች ሳልኩ። አስር ከአስር።

ፈተናው ላይ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? «የሽንኩርት ልጣጭ ሴል ላይ ክሎሮፕላስት ያላያችሁት ለምንድን ነው?» «ማይክሮስኮፑ ስለማያጎላ» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ። መልሱ ዓይኔ ስር ነበር። የሽንኩርት ራስ ያደገው አፈር ውስጥ ነው፣ ሥራውም ምግብ ማከማቸት ነው። ብርሃን ለማያገኝ ሴል ክሎሮፕላስት ምን ያደርግለታል? የሥር ሴልም እንደዚሁ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ የሚሳለው «የእጽዋት ሴል» በአብዛኛው የቅጠል ሴል ነው። ይህን የነገረኝ ግን አልነበረም፣ እስካሁን ያናድደኛል።

ለእንስሳ ሴል ያየነው የጉንጭ ሴል አላስቸገረኝም። በሜቲሊን ብሉ ሲነከር ኒውክለሱ ሰማያዊ ሆኖ መሃል አካባቢ ይታያል። ግድግዳ ስለሌለው ቅርጹ የተዛባ ነው፣ አንዳንዱም ታጥፏል። የሽንኩርቱን ኒውክለስ ወደ ዳር የገፋው መሃሉን የያዘው ትልቅ ቫኩዩል (ፈሳሽ የሞላበት ከረጢት) ነው።

መምህራን ሰንጠረዡን አጥኑ ይላሉ። እኔ መጀመሪያ አትንኩት እላለሁ። ከዚያ ሰንጠረዥ «ለተክል ክሎሮፕላስት፣ ለእንስሳ ማይቶኮንድሪያ» የሚል ስህተት ይዘው የወጡ ብዙ ናቸው። ማይቶኮንድሪያ ሁለቱም ጋ አለ። ተክልም ከሠራው ስኳር ኃይል የሚያወጣው በእሱ ነው።

ይልቅ ቀይ ሽንኩርት ላይ የጨው ውሃ ጨምሩበት። ቀለሙ ወደ ውስጥ ሲሸሽ፣ የሴል ሽፋኑ ከግድግዳው ሲላቀቅ ታያላችሁ። ሽፋንና ግድግዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ክሎሮፕላስት ካማራችሁ ደግሞ የኤሎዲያ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው) ቅጠል እዩ። እኔ ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው። ጥቃቅን ናቸው፣ አንዳንዴም ሴሉን እየዞሩ ይንሸራሸራሉ። እኔ የሳልኳቸው ኒውክለሱን ያክሉ ነበር። ያረመው ሰው እሱንም አላየም።