የእንስራው ጆሮ

«የመቶ ዓመት ዕቃ ነው፣ ከጎንደር የመጣ» አለ ሻጩ። ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ። ወጣቷ ጥቁሩን እንስራ አቅፋ ቆማለች።

«እስቲ ጣትሽን አርጥበሽ ጥረጊው፣ ልጄ» አሏት አጠገቧ የነበሩ እናት። ጣቷ ጠቆረ። ሲተኮስ የገባ ጥቁረት ከሸክላው ጋር ስለሚዋሃድ በውሃ አይለቅም። ደግሞም እንስራ የውሃ ዕቃ ነው፤ ምድጃ ላይ አይጣድም፣ ጥላሸት ከየት ያመጣል?

ከዚያ ጆሮውን አሳዩዋት። ብዙ ውሃ የተቀዳበት እንስራ ገመዱ የሚያልፍበት ቦታ በአንድ ወገን ተበልቶ ይለሰልሳል፣ ቂጡም ይፋቃል። በዚህኛው ጆሮ ውስጥ ግን የሠሪዋ የጣት አሻራ እንደ ትናንት ቁልጭ ብሎ ይታያል። መበላቱም ቢሆን አገልግሎትን እንጂ ዓመትን አይቆጥርም።

አገሩን ለመለየት የተሸረፈ ጠርዝ ይፈለጋል። የሽራፊው መሃል መጥቆሩ ብዙ ጊዜ በሜዳ እሳት መተኮሱን ነው የሚናገረው፤ ዕድሜውን አይደለም። ዋናው አፈሩ ውስጥ ያለው ጠጠር ነው። የጣና ዙሪያ አለት ባብዛኛው ባሳልት የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ፣ ሚካ የሚባል የሚያብረቀርቅ ማዕድን ከበዛበት አፈሩ የሌላ አገር ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሻጩን ከየትኛው ገበያ፣ ከማን እጅ እንደገዛው ጠይቆ መጻፍ ነው። የሠሪዋን ስም የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ስንቱ ሸክላ ያለ እናት ቀረ!

ወጣቷ እንስራውን ወሰደችው፣ በአዲስ ዋጋ።