ተራ ቁጥር

ነገ ትምህርት ይጀመራል። ሆዴ ውስጥ ያ የታወቀው ነገር ተነስቷል። ተማሪ እያለሁ ትምህርት ሊከፈት ሲል እንዲህ ያደርገኝ ነበር። አስተማሪ ስሆን ይለቀኛል ብዬ ነበር፣ የት አባቱ ሊለቀኝ። ፍርሃት ነው እንዳልል ምን ያስፈራኛል? ደስታ ነው እንዳልል ማን በደስታ ያቅለሸልሸዋል?

ለማንኛውም ዘንድሮም ዘጠነኛ ክፍል ደርሶኛል። ስታፍ ውስጥ ሁሉም ከዘጠነኛ ይሸሻል፣ እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። አምና ስምንተኛ ሆነው ግቢውን ሲገዙት የነበሩ ልጆች፣ በአንድ እረፍት ውስጥ የሌላ ግቢ ትንንሾች ሆነው ይመጣሉ። በር ላይ ቆመው የት እንደሚቀመጡ ሲያሰሉ ማየት ለብቻው ትርኢት ነው። ጓደኛ ይዞ የመጣ ወደ ኋላ ይሄዳል። ብቻውን የመጣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ለማምለጥ እንዲመቸው መሰለኝ። የኋላ ወንበር ቀድሞ የሚሞላበት ቦታ ከክፍል ሌላ የት አለ?

ልጽፍ የነበረው ስለዚህ ነው። ግን የስም ዝርዝሩን አውጥቼ ሳየው ሌላ ነገር ያዘኝና ቀረሁ።

አንደኛዋ ልጅ በአ ትጀምራለች። ሁለተኛውም በአ። ሦስተኛዋም። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሚሠራ ከላይ አ እንደ ጉድ ይደረደራል። ታች፣ ከሁሉም ስር፣ በዘ የሚጀምር አንድ ልጅ አለ። ገና አላየሁትም። ግን አሳዘነኝ። ይሄ ልጅ መጽሐፍ ሲታደል መጨረሻ ነው፣ ላብራቶሪ ሲገባ መጨረሻ ነው፣ ስሙ እስኪጠራ ክፍሉ ሰልችቶት ወሬ ጀምሯል። ደህና መጽሐፍ ደርሶት ያውቅ ይሆን ወይስ ሁሌም ሽፋኑ የተገነጠለው ነው የሚደርሰው?

ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ስሜ በፈ እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። ታችኛው ትምህርት ቤት ዝርዝሩ በሀሁ ተራ ነበር። በሀሁ ከፈ ወዲያ ያለችው ፐ ናት፣ በፐ የሚጀምር ስም ያለው ልጅ ደግሞ ከየት ይምጣ? ስለዚህ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ለመድኩት። እንዲያውም ተመቸኝ። ግጥም በቃል በሉ ስንባል ደወሉ ቀድሞኝ ይደርሳል። ቤት ሥራ ሲታይ፣ ከላይ ያሉት ሲወቀሱ ሰምቼ የራሴን አስተካክላለሁ። የክፍሉን ልጆች ስም ከነአባታቸው በተራ የማውቀውም ለዚህ ነው፣ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ።

ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ፣ ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ሆነ። ፈ እዚያ ስድስተኛ ፊደል ናት። የመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዴ ተደላድዬ ስቀመጥ ስሜ ተጠራ። አቤት ለማለት ድምፄን እንኳ አላዘጋጀሁም ነበር። የወጣው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ልጆቹ ግን ለረጅም ጊዜ አስታወሱልኝ። ያው ሰው ነኝ፣ ያው ስም ነው፣ ፊደሉ ሲቀየር ግን ዓይን አፋሯ ልጅ ቀድማ የምትጠየቅ ልጅ ሆና አረፈች። በአበገደ፣ በሌላኛው የፊደላችን ተራ፣ ቢሆን ደግሞ ጭራ መሆኔ ይቀርና ጸን፣ ቀን፣ ረን እቀድም ነበር። በሱ ተራ ብማር ኖሮ ምን ዓይነት ሰው ይወጣኝ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሥራ መፍታት ነው።

ግን በቁም ነገር ያጠኑት ሰዎች አሉ። ሊራን አይናቭና ሊያት ያሪቭ የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2006 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ስመ ጥር የዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ የቤተሰብ ስማቸው በፊደል ቀደም የሚል መምህራን ቋሚ ሹመት የማግኘት ዕድላቸው ሰፋ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። በዚያ ሙያ በጋራ የተጻፈ ጽሑፍ ላይ ስም የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ሥነ ልቦና ውስጥ ስም በፊደል ተራ ስለማይደረደር ልዩነቱ እዚያ አልታየም። በ2024 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ30 ሚሊዮን በላይ የእርማት መዝገብ አይተው፣ ወረቀት በፊደል ተራ ሲታረም መጨረሻ ያሉት ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 0.6 ገደማ ዝቅ ያለ ውጤት እንደሚያገኙ ጽፈዋል። ከታች ወደ ላይ ሲታረም ልዩነቱ ይገለበጣል።

0.6 ምን አላት ትሉ ይሆናል። ለአንድ ፈተና ምንም የላትም። ግን ያ የዘ ልጅ ሁሌም የዘ ልጅ ነው። የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች በምን ዓይነት ፊት እንደምናርማቸው ደግሞ ስታፍ ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ለባዮሎጂ አስተማሪዋ ደወልኩላት። "ከታች ጀምሪያ፣ ምን ያስጨንቅሻል?" አለችኝ። ቀላል መሰለኝ። ነገ ከታች ልጀምር ነው፣ የዘ ልጅ በሕይወቱ አንድ ቀን አንደኛ ይሁን። ከዚያ ትዝ አለኝ። መጨረሻ የሚጠራ ልጅ መጨረሻ እንደሚጠራ ያውቃል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እኔ እስከ ዛሬ ስብሰባ የማረፍደው ከዚያ ልማድ ነው እያልኩ አይደል ለዳይሬክተሩ የማሳብበው? ስሙን ስጠራ ባይኖርስ? በውለታ ስም የመጀመሪያውን ቀን ቀሪ ላደርገው ነው።

እሺ ይሁን፣ እሱን እጠብቀዋለሁ። መሀል ያለችውስ? ዝርዝሩን ብገለብጠው የላይኛዋ ታች ትወርዳለች፣ የታችኛው ላይ ይወጣል፣ የመሀሏ ልጅ ንቅንቅ አትልም። በየትኛውም ፊደል ማንም አያዝንላትም፣ እኔም እስካሁን አላየኋትም ነበር። በየቀኑ ዕጣ እንዳላወጣ ፔሬዱ በዕጣ ያልቃል። በወንበራቸው ቅደም ተከተል እንዳልጠራ፣ ያ በሩ አጠገብ ያመለጠ ልጅ አንደኛ ሊሆን ነው፣ እሱ ደግሞ ይደነግጣል።

እኩለ ሌሊት አልፏል፣ እኔ አይቻቸው የማላውቃቸውን ልጆች ተራ አስይዛለሁ። ባዮሎጂዋ ይሄኔ ሁለተኛ እንቅልፏ ላይ ናት። ወረቀቱን ትቼ ሁሉንም ስም በቃሌ ብይዘውስ ብዬ ነበር። ለመያዝም ግን ከአንዱ መጀመር አለብኝ። ከማን ልጀምር?