ሲጋራ ለማቆም የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ መጠን እንዴት መረጥኩ? እስካሁን የተማርኩት

ሲጋራ ለማቆም የወሰነ ሰው መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚገጥመው ቁጥር ነው። ቆዳ ላይ ተለጥፎ ኒኮቲን በሚሰጠው ፕላስተር ማሸጊያ ላይ 21፣ 14 እና 7 ሚሊግራም ተጽፏል፤ በማስቲካውና በሚመጠጠው ከረሜላ ላይ ደግሞ 4 እና 2። የብዙዎቻችን እጅ ወደ ትንሹ ቁጥር ይሄዳል። ኒኮቲን ሱስ ያስያዘን ነገር ስለሆነ ባነሰ መጠን የተሻለ ነው ብለን እናስባለን። እኔ ግን ብዙ ካነበብኩ፣ ከሐኪሜና ከመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ሌላ እምነት ይዣለሁ፦ ሱሱ የጠናበት ሰው በትንሹ ቁጥር ሲጀምር ራሱን ለሐራራ አሳልፎ ይሰጣል። ይህን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ተስፋ የሚቆርጥ ሰው እንዳይኖር ስለምፈልግ ነው።

ማስቲካውንና ከረሜላውን በተመለከተ እዚህ አሜሪካ ማሸጊያው ላይ ያለው መመሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከእንቅልፋችሁ ነቅታችሁ የመጀመሪያውን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ውስጥ ትለኩሳላችሁ? በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ 4 ሚሊግራም፣ ከዚያ ከዘገየ 2 ሚሊግራም። በቀን ስንት ታጨሳላችሁ ብሎ አለመጠየቁ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ምክንያቱን ሳውቅ ግን ጥያቄው ምን ያህል ብልህ እንደሆነ ገባኝ። በደም ውስጥ ያለ ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እንቅልፉን ጠግቦ የሚነሳ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። በዚያ ሰዓት ሐራራው ምን ያህል እንደሚያጣድፈው የሱሱን ጥልቀት ይናገራል። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ኦሎቭ ፋገርስትሮም እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው የኒኮቲን ጥገኝነት መለኪያ ውስጥ ይህ ጥያቄ አለ፤ ዛሬም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል።

እንደ እኔ ሌሊት ለሚሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ የምነቃውም ከሰዓት በኋላ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከንቃት እንጂ ከንጋት አይደለም። ከማቆሜ በፊት በነበሩት ቀናት የነቃሁበትንና የመጀመሪያውን ሲጋራ የለኮስኩበትን ሰዓት ማስታወሻ ላይ እጽፍ ነበር። ፊቴን ከመታጠቤ በፊት ወደ በረንዳ እንደምወጣ ወረቀቱ መሰከረ፤ ስለዚህ ጥያቄው በቀላሉ ተመለሰ። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ብትመዘግቡ በግምት አትሄዱም።

ፕላስተሩ ግን የሚመረጠው በቀን በሚጨሰው ብዛት ነው። በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ በ21 ሚሊግራም ይጀምራል፤ 10 እና ከዚያ በታች የሚያጨስ በ14። እኔ በያዝኩት ዓይነት 21ዱ ለስድስት ሳምንት፣ ከዚያ 14ቱ ለሁለት፣ 7ቱ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ይለጠፋል። በ14 የጀመረ ሰው ስድስት ሳምንት ከቆየበት በኋላ ለሁለት ሳምንት ወደ 7 ይወርዳል።

21 የሚለውን ሲያዩ የሚደነግጡ አሉ። አብረን የምንኖረው ታላቅ እህቴ ማሸጊያውን አይታ “ምነው እህቴ፣ ልብሽን ሊያቆመው ነው እንዴ?” ብላኛለች። ሰውነት ከአንድ ሲጋራ በአማካይ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ኒኮቲን እንደሚቀበል ነገርኳት። እኔ በቀን አንድ ፓኬት ገደማ አጨስ ነበር፤ አስልታ ዝም አለች። ከቁጥሩ ይልቅ ደግሞ ፍጥነቱ ወሳኝ ነው። የሲጋራ ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ሱስ የሚያስይዘውም ይህ ፍጥነት ነው። የፕላስተሩ በቆዳ በኩል በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። ሳንባን የሚያቃጥለው፣ ካንሰር የሚያመጣው፣ የደም ሥርን የሚጎዳው በዋናነት ሬንጁ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ጭሱ ውስጥ ያለው ሌላው መርዝ ነው፤ ያ ሁሉ ፕላስተሩ ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርብ የልብ ሕመም ያጋጠመው ወይም የልብ ምቱ የሚዛባበት፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድም ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

የሥራ ባልደረባዬ ታሪክ ብዙ አስተምሮኛል። እንደ እኔ ብዙ ታጨስ ነበር፤ “በቀላሉ ልጀምር” ብላ 7 ሚሊግራሙን ለጠፈች። ሳምንት ሳይሞላት ጭንቀቱ፣ ቁጣው፣ ሐሳብ አለመሰብሰቡ ሲበዛባት አውልቃ ጣለችውና “ፕላስተር አይሠራም” አለች። እሷ ላይ የሆነው ግን የመጠን ማነስ ነበር። አሁን በ21 እንደገና ጀምራለች፤ ከእኔ ጋርም በየቀኑ ትነጋገራለች።

ሐኪሜ ፕላስተሩን ብቻ አላዘዘልኝም፤ ፕላስተሩ ከሥር መሠረቱን ይይዛል፣ ድንገት ለሚመጣው ሐራራ ደግሞ ባለ 4 ሚሊግራሙን ማስቲካ ጨመረልኝ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል፤ ማሸጊያው ላይ ያለው መመሪያ ግን ስለ አንዱ ብቻ ስለሚናገር ሲደመሩ ከባለሙያ ጋር ይሁን። በሐኪም ማዘዣ ሲሆን ብዙ የጤና መድኖች ወጪውን እንደሚሸፍኑም አትርሱ። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ በ1-800-784-8669 ብትደውሉ ነጻ ምክር ታገኛላችሁ፤ ፕላስተር በነጻ የሚልኩ ግዛቶችም አሉ።

ማስቲካውን እንደ ተራ ማስቲካ ያኘከ ሰው ኒኮቲኑን ይውጠውና ሆዱን ያመዋል፣ ስቅታም ይይዘዋል። ጥቂት ይታኘካል፤ እንደ ሚጥሚጣ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ሲያደርግ በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል፤ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል። እንዲህ እያለ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በቀን ከ24 አይበልጥም፤ ከረሜላው ከ20። ከፕላስተር ጋር ሲሆን ግን የሚያስፈልገው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ለእኛ ትልቁ ነገር ቡና ነው። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል ሲሆን አፍ አሲድ ሲሆን መግባት ያቅተዋል። ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ አሲድ ናቸው። መመሪያው ማስቲካው ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊትና በአፍ ውስጥ እያለ ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ ይላል። በአንድ ጊዜ ጭልጥ አድርጎ ለሚጠጣ ሰው ቀላል ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ ለሚጫወት ግን አይደለም። ከቡና ጋር ያለው ሐራራ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ያገኘሁት መፍትሔ ይህ ነው፦ ቡናው ሲቆላ ማስቲካዬን እጀምራለሁ፤ ተወቅጦ ጀበናው እስኪወርድ ግማሽ ሰዓቱ ይሞላል። ተፍቼው እጠጣለሁ፤ በረካው ካለቀ በኋላ ጥቂት ቆይቼ ሌላ እወስዳለሁ። በመካከል ፕላስተሩ ይዞኝ ይቆያል።

ስለ ቡና ሌላም የማያውቁት ብዙ ሰዎች አሉ። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያፋጥኑታል። ሲጋራው ሲቆም ያ ፍጥነት በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ ኒኮቲን ብቻውን ስለማያፋጥነው ፕላስተሩ አይተካውም። የለመድነው ቡና በደማችን ውስጥ ከበፊቱ ብዙ ይቆያል። እጅ መንቀጥቀጡን፣ የልብ መምታቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን በፕላስተሩ ላይ አሳብቦ መጠኑን ከመቀነስ በፊት ቡናውን መቀነስ ያስፈልጋል። እኔ በቀን የምጠጣውን ወደ ግማሽ ስቀንስ መረበሹ ለቀቀኝ፤ 21ዱም እዚያው ቆየ።

ኒኮቲኑ በእርግጥ ሲበዛ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ ይመጣል፤ ያኔ መውረድ ተገቢ ነው። ሲያንስ ደግሞ ሲጋራ ከአእምሮ አይወጣም፣ ትንሹ ነገር ያስቆጣል፣ ረሃብ ይበዛል። የሚያስፈራ ሕልም ካስቸገረ ፕላስተሩን ከመተኛት በፊት ማንሳት ይቻላል። እኔም እንዲህ አደርጋለሁ፤ ሲነቃ የሚመጣውን ሐራራ ማስቲካው ይቀበለዋል። የሚለጠፍበትን ቦታ በየቀኑ መቀያየር፣ ያገለገለውን አጥፎ ሕፃናት ከማይደርሱበት መጣል፣ ፕላስተሩን አለመቁረጥም ልብ ይባል። በጾም ወቅት እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም ለማይቀምሱ ፕላስተሩ ከማስቲካው ይመቻል።

አሁን ከ21 ወደ 14 ወርጃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ትንሽ ከበዱኝ፤ ማስቲካውን ለጊዜው ጨመር አድርጌ ተሻገርኩት። በአውሮፓ ያላችሁ ለ16 ሰዓት የሚለጠፈውን ባለ 25፣ 15 እና 10 ሚሊግራም እንደምትጠቀሙ አውቃለሁ፤ ሰዓቱ ስለሚለያይ ቁጥሩን ከእኛ 24 ሰዓት ፕላስተር ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ። ከ25 ወደ 15 ስትወርዱ ሲነቃ የሚመጣው ሐራራ እንዴት እንደነበረ ብትነግሩኝ ወደ 7 ከመውረዴ በፊት እዘጋጅበታለሁ።